መድኃኒቱን ከማቋረጣችን በፊት ፋርማሲስቱን እንጠይቅ

 

ካራ በሚገኘው መስጂዳችን ከሱብሒ ሶላት በኋላ አንዲት እናት መጥተው ስለ ልጃቸው አጫወቱን። ሌሊት አይተኛም፤ ብቻውን ያወራል፤ «መርዝ አለው» እያለ ከቤት ምግብ አይቀምስም። እኛም ቁርኣን ቀራንለት፤ ዱዓ አደረግንለት። መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ግን አልጠየቅንም።

የጠየቀው የሰፈሩ ፋርማሲስት ነው። እናቲቱ የራሳቸውን የደም ግፊት መድኃኒት ሊገዙ ሲሄዱ «እማማ፣ ልጅዎ እንዴት ነው? ሁለት ወር አላየሁትም» አላቸው። ለካ ልጁ ረመዷን ሲገባ «ተሽሎኛል» ብሎ አቁሞት ኖሯል። ፋርማሲስቱም ወደ ሐኪሙ መለሳቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ከእኛው ጋር ሶፍ ይቆማል።

ይህን የምንነግራችሁ የእኛም ጉድለት ስላለበት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት ማውረዱን ነግረውናል፤ እንድንታከምም አዘውናል። ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። ከእንግዲህ ለሩቅያ የመጣን ሰው በመጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ መድኃኒቱ ነው።

ለረጅም ዘመን የአገራችን ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ያለው መርካቶ አካባቢ ነው፤ ከካራ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ ግድ ነው። በ2012 ዓ.ም የኮሮና ሕሙማን የታከሙበት የየካ ኮተቤ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል፤ ለእኛም ይቀርበናል። ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ባለው ጊዜ ግን ከሁሉም የሚቀርበን የሰፈራችን ፋርማሲ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቀው? መድኃኒቱ መቼ ለውጥ እንደሚያሳይ እንጠይቀው። የድብርት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል፤ በሳምንቱ «አልረዳኝም» ተብሎ አይጣልም። አፍ ቢያደርቅ፣ እንቅልፍ ቢያበዛ፣ እጅ ቢያንቀጠቅጥ እንንገረው፤ ሐኪሙ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ሊቀይረው ይችላል። ረመዷን ሳይገባም እናማክረው። በቀን አንዴ የሚወሰደውን ሐኪሙ ወደ ኢፍጧር ወይም ወደ ሱሑር ሊያዛውረው ይችላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን የውሃ ጥም አደጋ ሊያመጣበት ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር አይጹም። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል፤ ፈቃዱን መቀበል የኢማን ማነስ አይደለም።

ዲያዜፓም ያለ ማዘዣ ስጠን ብለን አናስጨንቀው፤ ሱስ ያስይዛል። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ሰው ካለን ደግሞ መድኃኒቱን ከእጁ አርቀን፣ ብቻውን ሳንተወው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል እናድርሰው።

ለፋርማሲ ባለሙያዎችም አንድ አደራ አለን። የሕመምተኛው ምስጢር አማና ነው። የመድኃኒቱን ስም ሰልፈኛ ሁሉ እየሰማ አትጥሩት፤ ጠጋ አድርጋችሁ በዝግታ አስረዱት። ያፈረ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ አስታማሚዎቻቸውን ያበርታልን።