ስለ ቤት ኪራይ ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የአከራይና የተከራይ ነገር ነው። ወደ ማኅበራችን ኮሚቴ ከሚመጡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ከዚሁ የሚነሡ ስለሆኑ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። በነቀምቴ ግቢው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ብዙ ነው። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍል ፈላጊው በዛ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከካማሺ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን መጠለያ ፍለጋ መጡ። ግምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ፣ ነጆም ሆነ ሻምቡ ቢኬድ የሚሰማው ሮሮ ተመሳሳይ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንበል። አከራይ ሁሉ ሀብታም አይደለም። ከእቁብ ባገኘው ገንዘብ ቆርቆሮ ገዝቶ ክፍል የሠራ ጡረተኛ አለ፤ በኪራዩ ልጆቿን የምታስተምር እናት አለች። አዛውንቶቻችን ደግሞ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 47 አይረሱትም። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቅዶ ትርፍ የተባለው ሁሉ ተወረሰ፤ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የነበረው ቤት በቀበሌ እጅ ገባ። ታዲያ ዛሬም «ውሉን አስመዝግቡ» ሲባል ደረታቸው የሚመታ ቢኖሩ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ያ አዋጅና የዛሬው ምዝገባ ለየቅል ናቸው። በዛሬው ምዝገባ ቤቱ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀጥላል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አከራዮች ደጋግመው የሚጠይቁን «ስንት ልጨምር?» እያሉ ነው። እኛም መልሰን «ክፍሉ ባዶ ቢቀርስ?» እንላለን። ለምሳሌ በወር 2,000 ብር በሚከራይ ክፍል ላይ 200 ብር ተጨመረ እንበል። ተከራዩ አልችልም ብሎ ወጣ፣ ክፍሉም ሁለት ወር ባዶ ከረመ። የጠፋው 4,000 ብር ነው። አዲሱ ተከራይ 2,200 እየከፈለ ይህንን ለመተካት ሃያ ወር ይፈጃል! የኖራ መቀቢያና የቁልፍ መቀየሪያው ገና አልተቆጠረም። ተከራዩም ቢሆን ለደላላና ለዕቃ ማጓጓዣ ይከፍላል፤ ልጆቹ በትምህርት መካከል ከትምህርት ቤታቸው ይርቃሉ። በወሩ መጀመሪያ አሳልፎ የማያውቅን፣ ግቢ የሚጠርግን ተከራይ ለ200 ብር ማስወጣት ለእኛ ሒሳቡ አይገባንም።

ከኪራዩ የባሰ ጠብ የሚያመጣው ግን መብራት ነው፤ አይደለም እንዴ? አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤተሰብ። የመብራት ታሪፍ በፍጆታ መጠን በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፣ ፍጆታው ሲበዛ ግን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። እንግዲህ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ፍጆታው ተደምሮ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይዘልቃል። ለየብቻ ቢሆኑ ጥቂት ይከፍሉ የነበሩት ሰዎች «ባለቤቷ ዘረፈችን» ይላሉ፤ ባለቤቷ ደግሞ «ያ የምጣድ እንጀራ ነው የሚበላኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለየክፍሉ መለኪያ ቆጣሪ ማስገባት ቢያንስ ማን ስንት እንደተጠቀመ ያሳያል። ያ ካልተቻለ እንጀራ የሚጋግርና አምፖል ብቻ የሚያበራ እኩል እንዳይከፍሉ ከመግባታቸው በፊት መነጋገር ይሻላል።

ክረምታችንም ረጅም ነው። ጣራ ሲያፈስ፣ የጭቃው ግድግዳ ሲርስ ማን ይጠግን? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቃቅኑን ጥገና በተከራይ፣ ዋናውን በአከራይ ላይ ይጥላል። ጣራ ዋና ነው። ተከራይ በራሱ ገንዘብ ቆርቆሮ ቀይሮ ከኪራይ ልቀንስ ቢል ግን አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ፤ በኋላ «ማን አዘዘህ» ይመጣልና።

«ልጅ ያለው አንቀበልም» የሚሉ አከራዮችም አሉ። እነዚህንስ ምን እንበላቸው? የእነሱስ ልጆች የት አደጉ?

ሕጉን በተመለከተ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። የኪራይ ገቢ ግብር እንዳለበትም አትዘንጉ።

ውሉ ሁለቱም ወገን በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ኦሮምኛ ብቻ የሚያነብ ሰው የአማርኛ ወረቀት ላይ ቢፈርም፣ ወይም በተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ጠቡ ወዲያው ተፈርሟል ማለት ነው። በውሉ ላይ የኪራዩ ልክና የሚከፈልበት ቀን፣ የመብራትና የውሃ አከፋፈል፣ ጥገናው የማን እንደሆነ፣ ተከራዩ ሲገባ የነበሩት በር፣ መስኮትና መስታወት ተቆጥረው ይጻፉ። ምስክሮችም ይፈርሙ። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ወደ ክስ ከመሮጣችሁ በፊት ሁለታችሁም ውሉንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ወደ ኮሚቴው ኑ፤ ወረቀት ለሌለው ሰው ለመሸምገል ተቸግረናል።