ልጃችሁ ጂኦግራፊ ልማር ያለ እንደሆነ
(በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)



ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት ፈጽሞ የትምህርት ክፍል ምረጥ በተባለ ጊዜ፣ «ጂኦግራፊና የአካባቢ ጥናት» የሚለውን ከሁሉ አስቀድሞ የጻፈ እንደሆነ፣ በብዙዎቻችን ቤት የሚሰማው ንግግር አንድ ዓይነት ነው። «የዓለምን ዋና ከተሞች ለመሸምደድ ይህን ያህል ዓመት ምን ያስፈልጋል? አስተማሪ ከመሆን በቀር ምን እንጀራ ይገኝበታል?» ይባላል። ዛሬ ከእናንተ ጋር ልነጋገርበት ያሰብኩት ይኸው ጉዳይ ነው። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍኩ ሰው ስለሆንኩ እንደ ሊቅ አልናገርም። ነገር ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ልብ ቢልም ባይልም፣ ፊርማው በመሬት፣ በውሃና በሰው አሰፋፈር ላይ ማረፉ አይቀርምና ነገሩ ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል።

ጂኦግራፊ የስም ዝርዝር አይደለም። «የት ነው?» ብሎ ይጀምራል እንጂ በዚያ አይቆምም፤ «ስለምን እዚያ ሆነ? ይህ የተነካ እንደሆነስ ያኛው ምን ይሆናል?» ብሎ ይቀጥላል። በአገራችን የዳሎል ምድር ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይዘቅጣል፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ገበሬያችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ ከጥንት ለይቶታል። ተማሪው የሚጨምርበት ምክንያቱን ነው፤ ይኸውም በያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ሙቀት ወደ 6 ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ፣ ከዚህም የተነሣ የሚበቅለው እህል፣ የሚኖረው በሽታና የሕዝቡ ብዛት እንዴት እንደሚለያይ ይማራል።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት በምሥራቅ ሐረርጌ የሚገኘውን የሐረማያን ሐይቅ መመልከት ይበቃል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የሚመግበው በዙሪያው ካሉት ተራሮች የሚወርደው ውሃ ነው። የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃዋን ለብዙ ዘመን ከዚያ ትስብ ነበር። በዳርቻው ያለው ገበሬም ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት የውሃ መሳቢያ ሞተር ተከለ። ደኑ ከተመነጠረበት ተረተር ላይ አፈሩ በየክረምቱ እየታጠበ ወደ ሐይቁ ይገባ ጀመር። እንግዲህ እያንዳንዱን ለብቻው ያየነው እንደሆነ ጥፋት የለበትም። ለከተማ ሕዝብ ውሃ ማጠጣት በጎ ሥራ ነው፤ ገበሬው በመስኖ ማምረቱም የሚመሰገን ነው፤ ማገዶ የለቀመችውንም እናት የሚከስሳት የለም። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. ግድም ሐይቁ ደረቀ። ያውም ታላቅ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ ቆሞ ሳለ ነው! ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ተመለሰ፤ ሆኖም ውሃው በራቀበት ዘመን የተጎዳውን ሰው ኪሣራ ማንም አልመለሰለትም። የውሃው፣ የእርሻውና የደኑ ጉዳይ በየራሱ ክፍል ሲታይ፣ ሦስቱ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የሚገናኙ መሆናቸውን አስቀድሞ በካርታ ላይ አሳይቶ «ይህ ሁሉ ከአንድ ጋን የሚቀዳ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። የጂኦግራፊ ተማሪ የሚሠለጥነው ለዚሁ ነው።

የረኀብም ነገር እንዲሁ ነው። ዝናብ የቀረ እንደሆነ ረኀብ የግድ ነው ብለን ስንናገር ኖረናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊን ክፍል የመሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ድረስ በአገራችን የደረሰውን ረኀብ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አሳብ ተቃውመዋል። ድርቅ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ ረኀብ ግን ገበሬው አስቀድሞ መጠባበቂያ አጥቶ፣ ባለበት የአመራረትና የአስተዳደር ሥርዓት ተዳክሞ ከመቆየቱ የሚመጣ ነው የሚል ነው ክርክራቸው። ይህ ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች የሚመች ቃል አይደለም፤ በሰማይ ማመካኘት ይቀል ነበርና። ፕሮፌሰሩ በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር ዐርፈዋል፤ ጥያቄያቸው ግን አላረፈም።

ዛሬ ተማሪው የሚሠራበት መሣሪያ ከጥንቱ ቀለምና ማስመሪያ ብዙ ርቋል። ላንድሳት የተባሉት ሳተላይቶች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን እየዞሩ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህም ሥዕሎቹ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ተማሪው የሐረማያን ሐይቅ በየዘመኑ ካነሡት ሥዕል ላይ ውሃው እንዴት እንደ ሸሸ በኮምፒዩተር ለክቶ ሊያሳያችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት በኮምፒዩተር ፊት ብቻ የተቀመጠ ተማሪ ጂኦግራፊን በግማሽ ነው የተማረው። ጫማው ጭቃ ሳይነካው፣ ከገበሬው ጋር በማሳው ዳር ሳይነጋገር የተመረቀ ልጅ፣ ከመስኮት ወጥቶ ከማያውቅ ጸሐፊ አይሻልም። ስለዚህ ልጃችሁ ወደሚገባበት ክፍል ሄዳችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ቢኖር፣ «የመስክ ጉዞ በዓመት ስንት ጊዜ አለ?» የሚለው ይሁን።

ስለ እንጀራው የሆነ እንደሆነ፣ ተመራቂው በማስተማር ብቻ አይወሰንም፤ በመሬት አስተዳደር፣ በከተማ ፕላን፣ በስታቲስቲክስ፣ በአደጋ መከላከልና በተፈጥሮ ጥበቃ ሥራ ላይ የሚሰማሩ አሉ። ሥራው ሁልጊዜ በደጅ ይጠብቃል ብዬ ግን አላታልላችሁም፤ በማናቸውም ትምህርት ቢሆን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ሌላውን የመረጠ ልጅም ቢሆን ከትምህርቱ ፈጽሞ አያመልጥም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ሆኗልና።

እንግዲህ ልጁ ለዕረፍት ወደ ቤት በመጣ ጊዜ፣ የተወለዳችሁበትን አገር ባለ 1 ለ50,000 ካርታ ፈልጎ እንዲያመጣ እዘዙት። በዚህ ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው። የልጅነት ወንዛችሁ ከየትኛው ተራራ እንደሚነሣ፣ ወደ ማንስ መንደር እንደሚወርድ በጣቱ እየመራ ያሳያችሁ፤ ዛሬስ በዚያ ወንዝ ውሃ አለን ብላችሁ ጠይቁት።