ሐዲድን ተከትሎ በእግር መጓዝና አዕዋፍን መመልከት በከሚሴና በጨፋ ሜዳ

(በተማሪዎች የውይይት ምሽት የተነገረ)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የሥራ ፈት ጨዋታ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ይኸውም በእግር መሄድና ወፍ መመልከት ነው። «ወፍ ለማየት ከሚሴ ድረስ ምን ያስኬዳል?» ለሚሉን ጓደኞቻችን መልሳችንን እነሆ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በሌላው ዓለም ባቡር የማይመላለስበት ሐዲድ ተነቅሎ መሬቱ የእግረኛ መንገድ ሲሆን እናያለን። በአሜሪካ፤ በዊስኮንሲን ክፍለ አገር፤ ከኤልሮይ እስከ ስፓርታ የነበረው መሥመር በ1967 ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፍቷል፤ ርዝመቱ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ዋሻዎችም አሉት። ስፔንም ከ1993 ጀምሮ አሮጌ መሥመሮቿን «አረንጓዴ መንገድ» በሚል ስም ለእግረኛ ሰጥታለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባቡር ዳገት አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሱ ገደሉን ሞልቶ፤ ጉብታውን ቆርጦ መሬቱን ለጥ ያደርገዋል። በዚያም ላይ ሽማግሌውም ሕፃኑም ብዙ ሳይደክሙ ይጓዛሉ።

በአገራችን ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጂቡቲ ምድር ባቡር፤ አዲሱ መሥመር በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ብዙው ክፍሉ ዝም ብሏል። ስለ አሮጌ ሐዲድ መነጋገር የሚገባ እዚያ ነው። በከሚሴ በኩል የሚያልፈው መሥመር ግን ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ሐራ ገበያ እንዲደርስ የታሰበ፤ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፤ በ2015 ሥራው የተጀመረ አዲስ መሥመር ነው። ሐዲዱ በብዙው ቦታ ከተነጠፈ በኋላ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር ዓመታት ቆየ፤ በ2021 በአካባቢው የተደረገው ጦርነትም ሥራውን አስተጓጎለ። እንግዲህ ይህ ባቡሩ የሚጠበቅበት ሐዲድ ነው እንጂ ባቡሩ የቀረበት አይደለም። ስለዚህ «የእግር መንገድ ይሁንልን» ብለን አንጠይቅም፤ የከሚሴ ነጋዴና ገበሬ ባቡሩን ይፈልገዋልና። የምንጠይቀው ከሐዲዱ ርቆ፤ ሸለቆውን ተከትሎ የሚሄድ አንድ ቀጭን የእግር መንገድ እንዲታሰብ ብቻ ነው።

ስለምን ይህን ሸለቆ መረጥን? ከሚሴና ሐርቡ መካከል የጨፋ ሜዳ አለ። የቦርከናና የጃራ ወንዞች የሚያርሱት ረግረግና የሣር መሬት ነው፤ ውኃውም ኋላ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በበጋ ቆላው ሲደርቅ የአፋር፤ የኦሮሞና የአርጎባ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ይዘው እዚህ ይሰፍራሉ። በ2002 የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ዘገባ ጨፋን የ50,000 አርብቶ አደሮችና የ200,000 እንስሳት መጠጊያ ብሎታል።

ከብቱ ባለበት ወፍም አለ። ነጫጭ ሳቢሳዎች የላሙን እግር እየተከተሉ፤ ከሣሩ የሚበረውን አንበጣ ይለቅማሉ። በአውሮፓ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሽመላና ሌሎችም መንገደኛ አዕዋፍ ስምጥ ሸለቆን ይዘው ወደ አገራችን ይወርዳሉ። ያለ ፓስፖርት ከሚመጡ እንግዶች ጋር ለመተዋወቅ ርካሽ መነጽርና ሁለት ጥሩ እግሮች ይበቃሉ።

ነገር ግን ረግረጉ እየጠበበ ነው። እርሻው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ውኃው ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከላይ ከከተማ የሚመጣው ፍሳሽም ወንዙን ያበላሻል። ልጆቹን ለማብላት ማሽላ የሚዘራውን ገበሬ እኛ፤ በካፌ ተመግበን የምንማር፤ ልንወቅሰው አይገባንም። ዳሩ ግን ስንት ወፍ እንደ ነበረና ስንት እንደ ቀረ ጽፎ የያዘ ሰው ከሌለ፤ ክርክሩ ሁሉ በግምት ይሆናል። ገበሬው አርቢውን፤ አርቢው መሐንዲሱን ሲከስ ይኖራል።

ስለዚህ የምናሳስበው ይህ ነው። በየዓመቱ በጥርና በሚያዝያ፤ በዚያው ቦታ፤ በማለዳ በዚያው ሰዓት ቆጥረን በደብተር እንጻፍ፤ ደብተሩም ከአንዱ ዓመት ተማሪ ወደ ሌላው ይተላለፍ። የባዮሎጂ መምህሮቻችን የቆጠራውን ሥርዓት ያስተምሩን።

አንድ ነገር እንጨምር። ጦርነት ባየ አገር፤ በሐዲድ አጠገብ መነጽር ይዞ የሚዞር እንግዳ ማንንም ያጠራጥራል። አስቀድመን ወደ ቀበሌና ወደ አገር ሽማግሎች ሄደን ሰላምታ እንስጥ፤ ፈቃድ እንጠይቅ። ወፍ በኦሮምኛ «ሲምቢራ» መባሉን እንኳ ሳናውቅ አንሂድ። የእያንዳንዱን ወፍ ስምና ጠባይ ከኛ መጽሐፍ ይልቅ እረኛው ያውቀዋል፤ እርሱ ይምራን፤ ለድካሙም ይከፈለው።

ባቡሩ በመጣ ጊዜ ተሳፋሪው በመስኮት አሻግሮ ጨፋን ሲመለከት ውኃና ክንፍ ይይ ወይስ ደረቅ መሬት ብቻ? ይህን ለመወሰን የኛ ደብተር ትንሽ ድርሻ አለው። ለመሄድ የፈቀዳችሁ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ስማችሁን አስመዝግቡ።