እንጀራ ማን ጋገረ?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አሜሪካ ተናገር ተብያለሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬ ደህና አድርጌ የማውቀው ግን አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሐኪምና በሽተኛ ፊት ለፊት የሚቀመጡበት፣ እኔ በመሐላቸው ቆሜ የማስተረጉምበት። እዚህ ግቢ በአማርኛ እያሰብን በእንግሊዝኛ ተፈተንን፤ እዚያ ደግሞ በአማርኛዬ ደመወዝ ይከፈለኛል። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የዋሽንግተን ዲሲ የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎችም አንዱ አማርኛ ነው። ይህን ማን አስቦት ያውቃል?

የአስተርጓሚ ደንቡ አጭር ነው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ። እኔ ግን ገና «ዩ» ከምትለው ቃል ላይ እጥሰዋለሁ። ልጅ እግሩ ሐኪም «ዩ» ሲል እኔ «እርስዎ» እላለሁ። ሳያውቀው ጨዋ አደርገዋለሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት መጡ፤ የወገራ ሰው መሆናቸውን ከአነጋገራቸው አወቅሁ። ሐኪሙ «ሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» አለ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለክፉ አይሰጥም» አሉ። እንዳለ ተረጎምሁ። ሐኪሙ አልገባውም መሰለኝ ሥዕል አወጣ። ስድስት ክብ ፊቶች ናቸው፤ ከሚስቀው ተነሥተው እስከሚያለቅሰው ይደርሳሉ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ኦክላሆማ ውስጥ ሁለት ባለሙያዎች ለሕፃናት ብለው ያዘጋጁት ነው።

እማማ ሥዕሉን አገላብጠው አዩት። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። «ልጄ፣ ሁሉም በሁለት ዓይናቸው ያያሉ፤ ክፉ የለባቸውም» አሉኝ። «ይኼን ልጅ ግን ማን መትቶት ነው የሚያለቅስ?» ቀጥለው ጣታቸውን የሚስቀው ላይ አሳረፉ፤ «ይኼ ጨዋ ነው።»

ሐኪሙ ዜሮ ብሎ ጻፈ። እኔ ዝም አልሁ። ደንቡ አትጨምር ይላላ!

በሦስተኛው ቀን በአምቡላንስ ተመለሱ። ሐሞት ከረጢታቸው ክፉኛ ቆስሎ ኖሯል። በቀዶ ሕክምና ዳኑ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ብዙ ሌሊት አልተኛሁም፤ ምክንያቱም ነገሩን እዚሁ ተምሬው ነበር።

ኮሌጃችን በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር የአሜሪካው ፖይንት ፎርም እጁ ነበረበት። ስለዚህ በሽተኛ አጠያየቅን የተማርነው በአሜሪካ ወግ ነው፤ ምን ያምሃል? ከመቼ ጀምሮ? ምን ያህል? ለልምምድ አምባ ጊዮርጊስ፣ የተወለድሁበት አገር፣ ስንወጣ ያን ወረቀት ይዤ አንዲት ባልቴት ብጠይቅ «ደኅና ነኝ» ብለው መለሱኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሴትዮዋ ጎብጠዋል፣ «ደኅና ነኝ» ነው የሚሉኝ። አንድ ሽማግሌ ድሬሰር ወደ ጎን ሳበኝና «ያምዎታል ወይ አትበል። ዛሬ እንጀራ ማን ጋገረ በል» አለኝ። ጠየቅሁ። «ጎረቤት» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ የወጣው፤ ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመደብ አልወረዱም።

ይህን ነው አሜሪካ ያስረሳኝ። አሜሪካኖች ሲያማቸው ሰባት ነው፣ ሰባት ተኩል ነው ይላሉ፤ አልሳቅሁባቸውም፣ እንዲያውም እቀናባቸዋለሁ። የእኛ ሰው ግን ለባዕድ ሕመሙን መዘርዘር እንደ ማማረር ይቆጥረዋል፤ መጀመሪያ ያመሰግናል። አሁን «አስተርጓሚው አንድ ነገር ማስረዳት ይፈልጋል» እላለሁ፤ ይህም ደንቡ ውስጥ ያለ ነው፣ ያን ጊዜም ነበረ። ሐኪሞቹ እያዩኝ «ዛሬ ማን አበሰለ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ባለፈው ወር አምባ ጊዮርጊስ ወደ እናቴ ደወልሁ። እንዴት ነሽ? ደኅና። እግርሽስ? ደኅና፣ ተመስገን። ልሰናበታት ስል ትዝ አለኝና «እማ፣ እንጀራ ማን ጋገረ?» አልኋት።

ትንሽ ዝም አለች። «የጎረቤት ልጅ» አለችኝ።

በማግስቱ ቲኬት ቆረጥሁ። ስለዚህ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የመጣሁት ለበዓሉ ብቻ አይደለም፤ ነገ በጠዋቱ የደባርቅ መኪና ይዤ እወጣለሁ።