ሸማው ላይ ያንቀላፋው ሸማኔ

አቅራቢ 1፦ ዶርዜ ላይ አንድ ሸማኔ ፌኖባርቢታል ጀምሮ ሸማው ላይ ቢያንቀላፋ፣ ጎረቤት "ሰነፈ" ነው የሚለው።

አቅራቢ 2፦ ስንፍና አይደለም፣ እህቴ! ይህ ርካሽ ኪኒን ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጥል በሽታን የሚያክመው አንጎልን እያረጋጋ ነው፤ እንቅልፉም ከዚያው ይመጣል። አንዳንድ ልጆችን ግን ጭራሽ ያቅበጠብጣል።

አቅራቢ 1፦ ሌላው የሚጥል በሽታ ኪኒን ፌኒቶይን ደግሞ ድድ ያሳብጣል። ሰው ይደነግጥና ኪኒኑን ይጥላል።

አቅራቢ 2፦ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የፌኖባርቢታሉ እንቅልፍ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል፤ ካልቀለለም ሐኪሙ መጠኑን ወይም ሰዓቱን ያስተካክላል።

አቅራቢ 1፦ የቆዳ ሽፍታስ?

አቅራቢ 2፦ እሱ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በተለይ ካርባማዜፒን የተባለውን የዚሁ በሽታ ኪኒን ለጀመረ፣ ትኩሳትና የአፍ ቁስል ከታከለበት። ከጨንቻም ሁኑ ከቦንኬ፣ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዛችሁ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ።