መሣሪያና ሰው
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ መሣሪያ ሰውን፣ ሰውም መሣሪያን እንዴት እንደሚቀርጹ የሚመረምረው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ነገሩ ለጊዜው ከዕለት ሥራችን የራቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በየክፍላችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ ሳይቀር የሚነካ ስለ ሆነ፣ ከመምህራን ይበልጥ የሚመለከተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ብዙዎቻችን በልጅነታችን የተማርነው ሊቅ ይፈለስፋል፣ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሕዝብም ይቀበላል የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ሐሰት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት የባቡር ሐዲድ መሆኑ እርግጥ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ሐዲዱ እዚያ ሲደርስ በደጋ ያለችውን ሐረርን ትቶ በቆላ ስላለፈ፣ ንግዱም ሐዲዱን ተከትሎ ወረደ። ነገር ግን ሐዲዱ በየት እንዲያልፍ የቈረጠው ብረቱ አልነበረም፤ የተራራው አቀበትና የገንዘቡ ልክ ነበር። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስም እስከ 1917 መዘግየቱ፣ በይበልጥ የኩባንያው መክሰርና የመንግሥታት ክርክር ያመጣው ነው። እንግዲህ ባቡሩ ከተማ ሠራ፤ ባቡሩን ደግሞ ሰዎች በፍላጎታቸውና በጥርጣሬያቸው ሠሩት።

ይህን ሁለተኛውን ግማሽ እውነት ለመመርመር፣ በ1960ዎቹ በስኮትላንድ የኤዲንብራ፣ በአሜሪካም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የራሱ ክፍል አቋቋሙለት። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። እኛ ግን ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም።

ፊደላችንን እንመልከት። 33 ቤት በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ከአውሮፓ የመጣው የጽሕፈት መኪና የተሠራው ግን ፊደሉ ከሠላሳ ለማይበልጥ ጽሕፈት ስለ ነበረ፣ ቍልፎቹ ሃምሳ ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱም ቍልፍ ከሁለት ምልክት አይበልጥም። እንደ ኢንጂነር አያና ብሩ ያሉ ኢትዮጵያውያን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት የደከሙት፣ በዚህ ጠባብ በር ያን ሁሉ እንግዳ ለማሳለፍ ነበር። የተገኘውም ብልኀት ፊደሉን ከፋፍሎ፣ አካሉን በአንድ ቍልፍ፣ ቅጥሉን በሌላ ቍልፍ መምታት ሆነ። ሥራው የሚያስመሰግን ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሁሉ ተጻፈበት። ፊደሉ ግን ከብራና ጸሓፊው እጅ ይዞት የወጣውን መልክ በከፊል አጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። መኪናው ለፊደሉ ጠበበ መባል ሲገባው፣ ፊደሉ ለመኪናው በዛ ተባለ። ይቀነስ፣ ቅርጹ ይለወጥ፣ ከዚያም አልፎ በላቲን ይተካ ያሉ ነበሩ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ሐሳብ ከመኪና ውጭ የራሱ የቋንቋ ምክንያት አለውና ለብቻው ሊመረመር ይገባዋል። መኪና ጠበበው ብሎ ፊደልን መቍረጥ ግን ልብሱ እንዲበቃ ሰውየውን እንደ መቍረጥ ነው። በ1999 ኮምፒዩተሮች የሚግባቡበት ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት ፊደላችንን ሲቀበል፣ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቍጥር አገኘ። ስለዚህም የፊደል ጉድለት ሲባል የኖረው፣ በዚህ በኩል የመሣሪያ ጉድለት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የእጅ ስልኮች ለብዙ ዓመት ፊደላችንን ሳይዙ ስለ ቆዩ፣ ወጣቶች አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመዱ። ዛሬ ስልኩ ፊደሉን ቢይዝም ልማዱ አልጠፋም። መሣሪያ ሲሻሻል ያስለመደው ልማድ አብሮ አይሻሻልም፤ ይህን ማረም የፋብሪካ ሳይሆን የመምህር ሥራ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከራሳችን ክፍል ነው። ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ትምህርት በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ዓላማው የገጠሩም የከተማውም ልጅ እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ነበርና የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፤ ተማሪ እጁን ቢያነሣ አያይም፤ መብራት ቢጠፋ ያመለጠውን አይመልስም። ለመምህሩ የተተወለት በመግቢያውና በመዝጊያው ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ጠመኔ የያዘ መምህር ግን የልጁን ፊት አይቶ ይደግማል፣ ያዘገያል፣ በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። እንግዲህ ያ መስተዋት ሥዕልና ድምፅ ብቻ አላመጣም፤ መምህር ማለት ምን እንደ ሆነ የሚወስን ፍርድም በውስጡ ይዞ መጣ። ስለ ፍርዱ አስቀድሞ በሰፊው ቢመከር ኖሮ፣ መምህሩ እያስቆመ የሚያስረዳበት ዐይነት መሣሪያ በተመረጠ ነበር።

ተጠቃሚው ምን ጊዜም ተሸናፊ ነው ማለቴ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ ኤም-ፔሳ በ2005 ሲሞከር፣ የታሰበው ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነበር። ሕዝቡ ግን ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው መላኪያ አደረገው፤ በ2007 አገልግሎቱ በይፋ ሲከፈትም ለቤተ ሰብ ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ቀረበ። ሕዝቡ ያልታዘዘውን ሠራ፤ ባለቤቶቹም ሕዝቡን ተከተሉ።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን መሐንዲሱ ታሪክና የሕዝብ ኑሮ ሳያጠና፣ የታሪክ ተማሪውም የመኪና አሠራር ሳያውቅ መመረቁ ይቅር። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ መሣሪያ፣ ወፍጮም ቢሆን የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ይመርምሩ። ይህ ለማን ታስቦ ተሠራ? ማንን አሳረፈ፣ ማንን አደከመ? ሲሰበር የሚጠግነው ማን ነው? ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ ወፍጮው የእናትን ትከሻ ከመጅ አሳርፏል፤ ነገር ግን እህሉን ወፍጮ ቤት ተሸክሞ የሚሄደውና የማስፈጫውን ገንዘብ የሚፈልገው ማን እንደ ሆነ ወጥተው ይዩ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዩኒቨርሲቲ መቆየት አያስፈልገውም፤ በአራተኛ ክፍልም ሊጠየቅ ይችላል። «ከእጅ አይሻል ዶማ» ያሉት አባቶቻችን መሣሪያን በአዲስነቱ ሳይሆን በእጅ ባለው ጥቅም መዝነውታል። ነገ ደግሞ ራሱ እጽፋለሁ፣ ራሱ አስተምራለሁ የሚል መሣሪያ ወደ ክፍላችን እየገባ ነው። በደስታም በፍርሃትም ከመቀበላችን በፊት፣ በእርሱ ላይ የምንፈርድ እኛ እንድንሆን ተማሪዎቻችንን መጠየቅን እናስተምር።