ቀለምና ቮልት



በርበሬ በረንዳ የገባ ሸማች ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው ቀለም ነው፤ ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኤል.ኢ.ዲ. የምትባለው ትንሽ መብራትም ቀለሟ ሳይታወቅ ቮልቷ አይታወቅም።

በዚያው ሠፈር የሚኖር አንድ ወጣት ከጣውላ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ቁልፎቹን በቀይና በሰማያዊ ኤል.ኢ.ዲ. ሊያበራ ቢነሣ፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ሁሉንም ጎን ለጎን አያይዞ በአንድ ሬዚስተር ሊያሳልፍ ይቃጣዋል። ያን ጊዜ ቀዩ ይበራል፤ ሰማያዊው ይጨልማል። ወጣቱም የተበላሸ ዕቃ ተሸጠልኝ ብሎ ሻጩን ይወቅሳል፤ ሻጩ ግን አልበደለም።

ቀዩ 2 ቮልት ያህል ሲበቃው ሰማያዊው 3 ቮልት ገደማ ይሻል፤ ቀዩ ቀድሞ በርቶ ቮልቱን እዚያው 2 ላይ ይይዘዋል። (ቀዩ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲሠራ፣ ደማቁ ሰማያዊ እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መዘግየቱም የታወቀ ነው።) ስለሆነም ለእያንዳንዱ የራሱ ሬዚስተር ይገባዋል። ከዩኤስቢው 5 ቮልት 2 ሲቀነስ 3 ይቀራል፤ ይህ ለ20 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 150 ኦም ይሆናል። ለሰማያዊው በዚሁ ስሌት 100 ኦም ይወጣል። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ከተጫዋቹ ዓይን ሥር የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ለሁለቱም 330 ኦም አድርጎ ብርሃኑን ማለዘብ ይሻላል።